የተኛ ሰው ማረጋጊያ ግብረ ኃይል

ታላላቅ ግኝቶች ሁሉ ከላቦራቶሪ አይወጡም። አንዳንዱ ግኝት ሰው ሁሉ በሚያዛጋበት የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ገና ሻይ እንኳን ሳይመጣ ዱብ ይላል። የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣ በማደንዘዣ የተኛ በሽተኛ ተኝቶም እንደሚጨነቅና እንደሚቆጣ የደረሱበት እንዲህ ባለ ጠዋት ነው። እኔ የሆስፒታሉ ሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛና የእሳቸው ንግግር ጸሐፊ ስለሆንኩ፣ ይህን ገድል ለመጪው ትውልድ የማስተላለፍ አደራ በትከሻዬ ላይ ወድቋል። ትከሻዬ ችሎታል፤ እስካሁን የሚያመኝ ወገቤን ነው።

ዳይሬክተራችን ባዕድ ቃል አይወዱም። "ሕዝብ የማይገባው ቃል እዚህ ግቢ አይገባም" የሚል ጽሑፍ በራፉ ላይ አሰቅለዋል። የሚገባውንና የማይገባውን የሚለዩት ራሳቸው ናቸው፤ የሚተረጉሙትም ራሳቸው። ኮምፒውተሮቻችን ቫይረስ ያዛቸው የተባለ ጊዜ ክፍሉን በክሎሪን አሳጥበው፣ ሠራተኞቹን አፍና አፍንጫቸውን አሸፍነው፣ ጎብኚ እንዳይገባ ከለከሉ። ቫይረሱ አልጠፋም። ኮምፒውተሮቹ ግን ጠፍተው ቀሩ። እንዲህ ያለ ቆራጥ አመራር በየቦታው አይገኝም፤ ቢገኝ ኖሮ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አይተርፍም ነበር።

በዚያ ሰኞ የማደንዘዣ ሐኪማችን አጭር ሪፖርት አቀረበች። ወጣት ናት፤ በጣም ታጋሽ ናት፤ ሥራዋ ሰው እስኪተኛ መጠበቅ ስለሆነ ስብሰባ አይከብዳትም። ያለችው ይህን ነው። ቀዶ ሕክምና ሲደረግ በሰውነት ውስጥ ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይጨምራል፣ ኢንፍላሜሽንም ይከተላል፤ ለጠቅላላ ማደንዘዣ የምንመርጠው መድኃኒት ደግሞ ይህን ሊያባብሰውም ሊያበርደውም ይችላል፤ ስለዚህ መድኃኒቱን አስበን እንምረጥ።

"በሚገባን ቋንቋ" አሉ ዳይሬክተሩ። "ስትረስ ምንድነው?"

"ጭንቀት እንደማለት ነው፤ ግን…"

"ኢንፍላሜሽንስ?"

"የሰውነት መቆጣት ነው። ቁስል ተቆጣ እንደምንለው፤ ግን…"

"ጠቅላላ ማደንዘዣ ተሰጥቶት? ተኝቶ?"

"አዎ፣ ተኝቶ።"

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። መነጽር ሲያወልቁ ታሪክ ሊሠራ ነው ማለት ነው። "ስለዚህ ሕዝባችን እኛ ጋ ተኝቶ ይጨነቃል፣ ተኝቶ ይቆጣል። በማን ላይ ነው የሚቆጣው?"

መልሱንም ራሳቸው ሰጡ።

"በአስተዳደሩ ላይ ነዋ። ሌላ ማን አለ?"

"የሐሳብ ጭንቀት አይደለም እኮ" አለች ሐኪሟ። "የሴል ነው። ብረት አየር ሲነካው እንደሚዝገው ማለት ነው። ኦክስጅን…"

"ይዝጋሉ?"

"ለምሳሌ ነው ያልኩት።"

"የሚያስጨንቃቸው ኦክስጅኑ ነው?"

"በከፊል፤ ግን…"

"ታዲያ ለምን እንሰጣቸዋለን?"

"እንዳይሞቱ ነው።"

ዳይሬክተሩ ጥቂት አሰቡ። "ይህ በጥናት ይታይ" አሉ።

ስብሰባው ሳይበተን የተኛ ሰው ማረጋጊያ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ማንኛውም ታካሚ ሙሉ በሙሉ መረጋጋቱ በግብረ ኃይሉ ሳይረጋገጥ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገባ ተወሰነ። ውሳኔው ለሚመለከታቸው ሁሉ፣ ለማይመለከታቸውም ሁሉ ተላለፈ። በማግስቱ የጥገና ክፍሉ ባልደረባ ፀረ-ዝገት ቀለምና ብሩሽ ይዞ የታካሚዎች ክፍል በር ላይ ቆመ።

"የሚዝገው በሽተኛ የቱ ነው?"

የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁ አንዲት አዛውንት ጆሯቸው እምብዛም አይሰማም። ብሩሹን አይተው ግን ፊታቸው በራ። "ከጉልበቴ ጀምርልኝ ልጄ፣ ሲጥ ሲጥ ይላል" አሉት።

የማረጋጋቱ መርሐ ግብር የመጀመሪያ ተጠቃሚ ለመሆን የበቃው ከአዛውንቷ አጠገብ የተኛው ልብስ ሰፊ ነው። ሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ይዞ ጎኑን ሰንጎ ይዞታል፤ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮው ደርሶ ነበር። ይህ ሰው በዓለም ላይ ካሉ ፍጥረታት ሁሉ ጨዋው ነው። ደንበኛ መጥቶ "ሱሪው አጠረኝ" ሲለው፣ ስለ ደንበኛው እግር ርዝመት ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ሚስቱ ይህ ጠባዩ አንጀቷን አቃጥሏታል።

"ዕድሜ ልኬን ሐሞት የለህም ስለው ኖርኩ" ትላለች ለሰማም ላልሰማም። "ለካ ሐሞቱስ ነበር፤ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ዝም ያለው።"

ግብረ ኃይሉ አልጋውን ከበበ። ሰብሳቢው ከንብረት ክፍል የመጡ፣ ድምፃቸው የሚያረጋጋ ሰው ናቸው።

"ምን ያስጨንቅዎታል?"

"ጎኔን ነው የሚያመኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀዶ ሕክምናው መቼ ነው?"

"ሲረጋጉ ነዋ።"

"እኔ ደግሞ ሲደረግልኝ ነው የምረጋጋው።"

ሰብሳቢው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። "ችኩልነት ይታይበታል" አሉ፤ ከዚያ ቀጠሉ፤ "ከሐሞትዎ ጋር የቆየ ቅራኔ አላችሁ?"

"ጠጠር ይዟል እኮ ጌታዬ።"

"እሱስ በእርስዎ ላይ ምን ቅሬታ አለው?"

"ወንድሜ" አለች ሚስቱ፣ "ሐሞቱን ራሱን ለምን አትጠይቀውም?"

"እሱ በሁለተኛው ዙር ነው" አሉ ሰብሳቢው። ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ተላለፈ።

በዚያ ሌላ ቀንም ተላለፈ። ልብስ ሰፊው ቀጠሮው ስለተላለፈ ተጨነቀ፤ ስለተጨነቀ ቀጠሮው ተላለፈ። አሠራሩ እንከን የለሽ ነበር። የትኛውም መሐንዲስ ቢመጣ እንዲህ ራሱን በራሱ የሚያዞር ማሽን አይሠራም። ልብስ ሰፊው በበኩሉ ግብረ ኃይሉን ስላለፋ ይቅርታ ይጠይቃል። ሐኪሟ በየቀኑ ሆዱን ዳስሳ፣ በየቀኑ ፊቷ እየጠቆረ ትሄዳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በፊት ዳይሬክተሩ ቢሮ ስለ መረጋጋት የጻፍኩላቸውን ንግግር እያነበብኩላቸው ሳለ፣ ሐኪሟ በሩን ሳታንኳኳ ገባች።

"የልብስ ሰፊው ሐሞት ከረጢት ተቆጥቷል። ትኩሳቱ ወጥቷል። ዛሬ ካልወጣለት ሊፈነዳ ይችላል፤ ሰውዬውን እናጣዋለን።"

ዳይሬክተሩ ከወንበራቸው ተነሡ። "ተቆጥቷል?"

"ክፉኛ።"

"አላልኩም? አላልኩም ወይ?" ወደ እኔ ዞሩ፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። "እንዲህ ተቆጥቶ እያለ ደግሞ ቢላዋ ልናሳየው ነው? ዛሬውኑ መረጋጋት አለበት። ለመሆኑ ማደንዘዣውን ምን ነበር የምትሉት?"

"ጠቅላላ ማደንዘዣ።"

"ጠቅላላ ከሆነ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አድልዎ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራ። ሕመምተኛው የክብር እንግዳ ሆኖ ይምጣ። እኔ ንግግር አደርጋለሁ፤ ከንግግሩ በኋላ ይገባል።"

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ ተከትላ ደረሰችብኝ።

"ንግግሩን የጻፍከው አንተ ነህ?"

"ነኝ" አልኳት፤ ልታመሰግነኝ መስሎኝ።

"ምን ያህል ይፈጃል?"

"አንድ ሰዓት ይሆናል።"

"አይበቃኝም።"

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ንግግሬን ይርዘም ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሄጄ የተቋሙን ታሪካዊ አመጣጥ ጨመርኩበት፤ የታሪካዊ አመጣጡንም አመጣጥ ጨመርኩ። በየአንቀጹ መጨረሻ "ይህን ስል ምን ማለቴ ነው?" የሚል ከተትኩና ያንኑ ነገር ከነነፍሱ ደገምኩት። እንዲያ ተመችቶኝ ጽፌ አላውቅም።

ጉባኤው አዳራሽ ሊደረግ አልቻለም። የጥገናው ባልደረባ የሚዝግ በሽተኛ ሲያጣ ቀለሙ ከሚደርቅበት ብሎ የአዳራሹን ግድግዳ ቀብቶበት ነበርና ሽታው አያስገባም። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ክፍሉና በማገገሚያ ክፍሉ መካከል ባለው ሰፊ መጠበቂያ ቦታ ወንበር ተደረደረ። ልብስ ሰፊው በባለጎማ አልጋ ላይ ሆኖ ከፊት ተቀመጠ፤ ጎኑን ይዞ ያቃስታል፤ ሲያቃስት ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል።

"ክቡራንና ክቡራት" አሉ ዳይሬክተሩ።

የማንበቢያ መነጽራቸውን ሲያደርጉ ከወረቀቱ ወዲያ ያለው ዓለም ለእሳቸው ጉም ነው። ሐኪሟ ይህን ታውቃለች። ገና "የተቋማችን ታሪካዊ አመጣጥ" ላይ ሳይደርሱ የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተከተለ። ሐኪሟ ለሚስትየዋ በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ሁለቱ አልጋውን ያዙና ገፉት።

ጎማው ሲጥ አለ። በሆስፒታላችን ውስጥ በእርግጥ የዛገው ነገር የዚያ ጎማ ብረት ብቻ ነበር፤ ቀለም የቀባው ግን አልነበረም።

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "ጥያቄ አለ?"

አጨበጨብኩ። የተኙት ባንነው አጨበጨቡና መልሰው ተኙ። ዳይሬክተሩ "አመሰግናለሁ" ብለው ቀጠሉ፤ ሐኪሞቹ ተዘጋጅተው የሚጠብቁበት የቀዶ ሕክምና ክፍል በርም ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሚስትየዋና እኔ በሩ ሥር ቆመን አሳለፍነው። እሷ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋለች።  እኔ በዳይሬክተሩ እጅ የቀረውን ወረቀት እቆጥራለሁ፤ እየሳሳ ሄዷል።

"ጨረሱ?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ገና ናቸው፤ ይህን ስል ምን ማለቴ ነው ላይ ናቸው።"

"እሳቸውን አይደለም፤ ሐኪሞቹን።"

በሩ ተከፈተ። ሐኪሟ ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ ፈገግ አለች። "ወጣለት። ደህና ነው" አለች፤ ሚስትየዋም ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ወደ ማገገሚያ ክፍል የሚወስደው መንገድ ግን በጉባኤው መካከል ነው። አልጋው ሲጥ ሲጥ እያለ መሃል ላይ ሲደርስ ዳይሬክተሩ የመጨረሻዋን ገጽ ጨርሰው መነጽራቸውን አወለቁ። ከፊታቸው ልብስ ሰፊው ፊቱ ተፈትቶ፣ በቀስታ እየተነፈሰ ተኝቷል።

"እነሆ!" አሉ። "እያቃሰተ የመጣው ወገናችን ተረጋግቷል! አሁን ቀዶ ሕክምናው ሊደረግለት ይችላል።"

"ተደርጎለታል" አለች ሐኪሟ፤ ጭብጨባው ዋጣት።

ልብስ ሰፊው ባገገመ ጊዜ የደም ምርመራው መጣ። የሰውነቱ መቆጣት ቀንሷል፤ ትኩሳቱ ጠፍቷል። ሐኪሟ የተቆጣው ዕቃ ስለወጣና ማደንዘዣውም ለእሱ የሚስማማው ስለነበር ነው ብላ በጽሞና አስረዳች። ዳይሬክተሩም በጽሞና ሰምተው፣ ይህን ያመጣው ንግግሩ መሆኑን ወሰኑ። ከእንግዲህ በማደንዘዣ መድኃኒት ፈንታ ንግግሩ እንዲነበብ፣ በእኚያው አዛውንት እንዲጀመር፣ ልብስ ሰፊውም በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲመሰክር መመሪያ ወጣ።

አዛውንቷ ይህን ወደ ጆሯቸው ተጠግተው ሲነግሯቸው ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ። "ልጄ፣ እኔ ጆሮዬ አይሰማም፤ ታዲያ ንግግሩ በየት በኩል ገብቶ ነው የሚያስተኛኝ?"

 ልብስ ሰፊው ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

በምስክርነቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። የቀለሙ ሽታ ለቋል። ዳይሬክተሩ ልብስ ሰፊውን በክንዱ ይዘው ወደ ድምፅ ማጉያው አቀረቡት።

"ንግግሩን ሲሰሙ ምን ተሰማዎት?"

"ይቅርታ ያድርጉልኝና" አለ ልብስ ሰፊው። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ የባሏን ይቅርታ ታውቀዋለች። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አልሰማሁትም። ገና ክቡራንና ክቡራት ሲሉ ዶክተሯ ወሰደችኝ። በመርፌ ነው ያስተኙኝ። ቀደዱኝ፣ አወጡልኝ፣ ሰፍተው መለሱኝ፤ እርስዎ አልጨረሱም ነበር። ስፌቱም ጥሩ ነው፣ እሱን እኔ አውቃለሁ። እኚህን እናት ያለ መርፌ ከነኳቸው ግን ይጮኻሉ፤ እኔም አብሬያቸው እጮኻለሁ።"

 ሚስቱ ዓይኗን ገልጣ፣ ሌላ ሰው የገባበት ይመስል ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ጉባኤው በርኅራኄ ፈገግ አሉ። "ማደንዘዣው ገና አልለቀቀውም" አሉ።

"እንግዲያው ማደንዘዣ ተሰጥቶታል ማለት ነው" አለች ሐኪሟ ከኋላ።

ዳይሬክተሩ ጥቂት አሰቡ። መድኃኒቱ እንዲቀጥል፣ ንግግሩም በተጨማሪነት እንዲሰጥ አዘዙ። አዛውንቷ በመርፌ ተኝተው በሰላም ወጡ፤ ንግግሩን አልሰሙትም።

ለታሪክ የሚቀረውን ሐቅ በታማኝነት ላስፍር። በዚያ አዳራሽ ከተሰበሰብነው መካከል ሐሞት የሌለው ሰው ልብስ ሰፊው ብቻ እንደነበር በሕክምና ተረጋግጧል። ሐሞታችን በቦታው ያለው የቀረነው ሁላችን፣ ከግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ ጀምሮ እስከ እኔ ድረስ፣ ከመቀመጫችን ተነሥተን ለዳይሬክተሩ አጨበጨብን።