ባሕሩ ከመጋረጃው ኋላ

ከባሕር ዳርቻ ቤት የገዛ ሐበሻ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አጋጥሞኝ ይኸው እስካሁን ግራ እንደገባኝ አለሁ።

ጋሽ ታደሰ ሲያትል አጠገብ ሬንተን የነበረውን ቤታቸውን ሸጠው፣ ውቅያኖስ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ሌላ ገዙ። «ሶ፣ ሳሎን ቁጭ ብለህ ማዕበሉን ታያለህ!» ብለው ስለጠሩኝ ከሲያትል ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ ሄድኩ። ስገባ ሳሎኑ ጨለማ ነው። ትልቁ መስኮት በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ሥሩም በፎጣ ተወትፏል።

«ጋሼ፣ ባሕሩ የታለ?»

«ከመጋረጃው ኋላ ነዋ!»

ልገልጠው እጄን ስዘረጋ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ጮኹ።

«ተው ልጄ፣ ንፋስ ይመታሃል!»

መስኮቱ እኮ ዝግ ነው! ዝግ መስኮት ሰንጥቆ የሚመታ ንፋስ ምን ዓይነት ነው? ደግሞስ ንፋስ ከፈሩ ሬንተን ምን አጠፋች?

ጋሽ ታደሰ ቅር እንዳይለኝ ብለው ቲቪውን ኦን አደረጉ። ለካ በረንዳው ላይ ካሜራ አስገጥመዋል! ማዕበሉ ስክሪኑን ሞልቶ ሲመጣ ሁላችንም ፈዘን ቀረን። እትዬ አልማዝ ድንገት ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳብ አደረጉ።

«አንተ፣ አጥፋው እባክህ፤ በረደኝ!»

ምን ልዋሻችሁ? እኔም ጃኬቴን ዘግቼ ነበር።