የባለቤቴ የቀርከሃ ሰይፍ

እቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዱላው ነው። በሩ ጥግ፣ ከጃንጥላዎቹ ጋር፣ ረጅም የቀርከሃ ነገር ቆሟል። አንዱ የመጋረጃ ዘንግ ነው ይላል። ሌላው የዓሣ ማጥመጃ ነው ይላል። አንዴ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ፈረንጅማ ዱላውንና እኔን እያፈራረቀ ሲያይ ቆይቶ ቁጥሩን ሳይወስድ ሊወጣ ነበር። «አይዞህ፣ የእኔ አይደለም፤ የባለቤቴ ነው» አልኩት። ይኼኔ ለእኔ አዘነልኝ።

ዱላ አልኩ እንጂ ሰይፍ ነው። ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ባለቤቴ የሺመቤት ድምፅ አልነበራትም። ዲዳ ናት ማለቴ አይደለም። ሰው እግሯን ረግጧት «ሶሪ» የምትለው እሷ ናት። ስደት ነው ያስተማራት። መጀመሪያ የስደተኞች ካምፕ፣ ሕፃን ታቅፋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ የማታውቀው ሰው ተኝቶ። ቀጥሎ እዚህ ሆላንድ፣ ስኪዳም የምትባል ከተማ ያገኘናት ቤት፤ ግድግዳዋ ብስኩት። ሽንኩርት ስንከትፍ የታችኛዋ ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ጣራዋን ትደበድባለች። ስለዚህ የሺ ልጅ ያሳደገችው በሹክሹክታ ነው። ከእኔ ጋር የተጣላችውም በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ ተሰድባችሁ ታውቃላችሁ? ስድቡን ለመስማት ጠጋ ማለት አለባችሁ እኮ።

የምትሠራው ዴን ሃግ ነው፤ ወደ ስኬቨኒንገን በሚወስደው ትራም መስመር ላይ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ። እዚያ ሄንክ የሚባሉ ሽማግሌ ገቡ። የሺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «ጋሼ ሄንክ» አለቻቸው። እሳቸውም ክርስትና የተነሡበት ስም ይመስል አቤት አሉ። ወጣት ሳሉ ጃፓን ሄደው ኬንዶ የሚባለውን የቀርከሃ ሰይፍ ግጥሚያ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ ከተማ ሲያስተምሩ ኖረዋል። አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ማንኪያ እንኳ አይጨብጡም። የሺ ሾርባቸውን ስታጠጣቸው እሳቸው የአንድ ጃፓናዊ ሰይፈኛ ታሪክ ያወሯታል። እሷ ደግሞ ከሥራ ስትወጣ ለእኔ ታመጣልኛለች።

የሰውዬው ስም ረጅም ነው፤ በእኔ አፍ ይሰባበራል። እቤታችን «ሰይፈኛው» ነው የምንለው። ከአራት መቶ ዓመት በፊት በእውነት የነበረ ሰው ነው። ጌታ የለውም፤ አገር ላገር ይዞራል፤ በሁለት እጁ ሁለት ሰይፍ ይዞ ይዋጋል። ገላ መታጠብ አይወድም ነበርም ይባላል፤ እሱን እንለፈው። አንድ ቀን ከታወቀ ባላንጣ ጋር አንዲት ደሴት ላይ ቀጠሮ ያዘ። ባላንጣው በማለዳ ደርሶ ይጠብቃል። ሰይፈኛው ሆዬ ተኝቷል። አርፍዶ ተነሥቶ ጀልባ ተሳፈረ፤ መንገድ ላይ አንዱን መቅዘፊያ እየጠረበ የእንጨት ሰይፍ አወጣለት። ባላንጣው ሲያየው በንዴት ሰገባውን ወረወረ። ሰይፈኛውም ሰገባውን የጣለ ሰው ሊመለስ አላሰበምና ገና ሳይጋጠም ተሸንፏል አለ። ከዚያ በመቅዘፊያው አናቱን አለው። አለቀ።

እኔ ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። አርፍዶ መጥቶ ያሸነፈ ጀግና! ጎረቤት ሻይ ሊጋብዝህ ከሦስት ሳምንት በፊት ቀን በሚቆርጥበት አገር፣ በሰዓት ስወቀስ የኖርኩ ሰው ነኝ። በማግስቱ ቭላርዲንገን የምሠራበት መጋዘን አርፍጄ ደረስኩና ለአለቃዬ የሰይፈኛውን ታሪክ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ስጨርስ ሰይፈኛው ፈረቃ አልነበረውም አለኝ።

ባሰብኝና ጋሼ ሄንክን ልጠይቃቸው ሄድኩ። እሳቸው ደግሞ ያለችኝንም ወሰዱብኝ። ማርፈዱ የተራኪዎች ጭማሪ ሳይሆን አይቀርም አሉ። ቀደም ያለው ወሬ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ደረሱ ነው የሚለው። መቅዘፊያውስ ብላቸው፣ ምናልባት አሉ። ደሴቲቱስ? ደሴቲቱ አለች። ታዲያ እውነቱ የቱ ነው ብዬ ተቆጣሁ። በታሪክና በልብ ወለድ መሀል ሰውዬዬ አለቀብኝ እኮ።

እርግጡ ይኼ ነው አሉኝ። ሰውዬው ሲሸመግል ዋሻ ገብቶ መጽሐፍ ጻፈ። ወፍም ይሥል ነበር። በመጽሐፉም ከስልሳ በላይ ግጥሚያ ገጥሜ አንዴም አልተሸነፍኩም ብሏል። ማን መሰከረለት አልኳቸው። ራሱ አሉ። ሳቄ መጣ። ይኼማ ፉከራ ነው። እኛ አገር ጀግና ምስክር እስኪመጣለት አይጠብቅም፤ ተነሥቶ ራሱ ያወርደዋል። ፉከራ ምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። ቆሜ፣ መከዳ እንደ ጋሻ ይዤ፣ ዘራፍ ብዬ አሳየኋቸው። ነርሷ እየሮጠች መጣች።

የጋሼ ሄንክ ዓይን በራ። ኬንዶም እንደዚያ ነው አሉ፤ ከልብ ካልጮህክ የመታኸው አይቆጠርልህም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሾርባቸውን ይዛ አጠገባቸው የነበረችው የሺ ምን ሆኑ ብላ ጠየቀቻቸው። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ ወዲህ ያስተምሩበት የነበረውን አዳራሽ ረግጠው እንደማያውቁ ነገሯት። ተማሪዎቻቸው ይህን እጅ እንዲያዩባቸው አይፈልጉም።

የሺ ሾርባውን አስቀመጠችና በዚያች በቀጭን ድምፅዋ፣ «ቅዳሜ እኔ እወስድዎታለሁ» አለቻቸው።

«አንቺ ሰይፍ ከያዝሽ እሄዳለሁ» አሉ።

እሳቸው ለቀልድ ነበር ያሉት። እሷ ግን ቅዳሜ ዕለት ወንበራቸውን እየገፋች አዳራሹ ገባች። ጫማዋንም አወለቀች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ሰይፍ መያዙ አልከበዳትም። ሰው አንሥታ ስታስተኛ የኖረች ሴት ናት፤ ክንዷን እኔ አውቀዋለሁ። መጮኹ ነው የከበዳት። ወጣቶቹ ጣራው እስኪነሣ ይጮኻሉ። እሷ ሰይፉን አንሥታ አፏን ትከፍታለች፤ ምንም አይወጣም። ቅዳሜ መጣ፣ ቅዳሜ ሄደ፤ ምንም። ልተወው ይሆን እያለች ታማክረኝ ጀመር። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴቶችም ሰምተው «ካረጁ አይበጁ፤ በሃምሳ ዓመቷ ከጎረምሳ ጋር ዱላ ትማዘዛለች» ማለታቸው ደርሶናል። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ ወገብሽን ብትሰበሪስ ማለት ጀምሬ ነበር። ሮተርዳም የምትማረው ልጃችን ሊያ ናት ዝም ያሰኘችኝ። «አባ፣ ላት ሃር፣ ተዋት በቃ። ለራሷ የሆነ ነገር ስትይዝ አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ሄንክ ጠሯትና የጃፓኑን ተይው አሏት። ባልሽ መከዳ ይዞ ያለውን በይ።

ይህን ስትሰማ ወደኔ ዞረች። እኔ ጥግ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ሰይፉን ከፍ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዘራፍ!»

አዳራሹ ቆመ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ቤት ኖሬ የባለቤቴን ድምፅ ያን ቀን ሰማሁት። ወፍራም ነው። ያምራል። ራሷም ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ሄንክ እንደገና አሏት። እንደገና አለች። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት።

እንዲህ እንዲህ እያለች ጥሩር ለበሰች፤ የብረት ፍርግርግ ያለው ጭንብል አጠለቀች። ባለፈው ጸደይ አምስተርዳም ላይ የጀማሪዎች ውድድር ሆነ። ሁላችንም ሄድን። ጋሼ ሄንክ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ከሜዳው ዳር ተቀመጡ። የድሮ ተማሪዎቻቸው እየመጡ እጅ ሲነሷቸው የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን አልደበቁም።

የሺ የደረሳት ሃያ ዓመት የማይሞላው፣ እንደ ባህር ዛፍ የተመዘዘ የሆላንድ ጎረምሳ ነው። ገና ከመጀመሩ የእጇን አንጓ መታትና አንድ ነጥብ ወሰደ። ሊያ እጄን ይዛ ትቆነጥጠኛለች። የሺ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ሰይፏን አስተካከለች፤ ዘራፍ አለች። ልጁ ምን ማለት እንደሆነ ባያውቅም ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ያቺ ግማሽ እርምጃ በቃቻት። ዘልላ ገባችና አናቱን አለችው። ደረቅ ግንድ ሲፈለጥ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ወጣ። ሦስቱም ዳኞች ነጩን ባንዲራ አነሡ። የእሷ ነጥብ ነው።

የሺ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እልል አለች። ጭንብሉ ውስጥ ሆና፣ ረጅም፣ የሰርግ ቤት እልልታ። እኔ ቆሜያለሁ። ሊያ ታለቅሳለች።

ዳኞቹ አልሳቁም። ተጠጋግተው ተነጋገሩ፤ ከዚያ ባንዲራቸውን ወደ ታች አወዛወዙ። ነጥቡ ተሰረዘ።

ምን አጠፋች ብዬ ጋሼ ሄንክ ላይ ጮኽኩ። በኬንዶ ነጥብ አገኘሁ ብሎ መደሰት ክልክል ነው አሉኝ። ተመቺው ሰው ነው፤ ክብር አለው። ፎክረህ ትመታለህ እንጂ መትተህ አትፎክርም።

ሰዓቱ አለቀና ተሸነፈች። ጭንብሏን አውልቃ፣ ላብ በላብ ሆና፣ መጥታ ጋሼ ሄንክ ፊት ተንበረከከች። እሳቸው ጥብቅ መምህር እንደነበሩ ሰምቻለሁና ምን ሊሏት ነው ብዬ ተጨነቅሁ።

«ዳኞቹ ልክ ናቸው» አሉ። «እኔም ብሆን እሰርዘው ነበር።» ወደሷ ጎንበስ አሉ። «ስንት ነጥብ ሰርዣለሁ በዕድሜዬ። እንዲህ ያለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።»

ወደ ስኪዳም ስንመለስ የተቀመጥነው ባቡሩ ላይ ወሬ የተከለከለበት ፉርጎ ውስጥ ነበር። የሺ በመስኮት ስታይ ቆይታ ወደኔ ዞረች። «ይቆጠርም አይቆጠርም፣ አናቱ ላይ አርፏል» አለች። ፉርጎው ሁሉ ዞሮ አየን። እሷ አላፈረችም።

እንግዲህ የሰይፍ ትምህርት ዋናው ትሕትና ነው ይላሉ። ያሸነፈ አይኩራ ይላሉ። እሺ፤ ደንብ ነው፤ እሷ ትጠብቀው። እኔ ግን ሜዳ አልገባሁ፣ ጥሩር አልለበስኩ፣ ስሜ አልተመዘገበ። የእኔን ኩራት የሚሰርዝ ዳኛ ካለ ባንዲራውን ይዞ ይምጣ።