ላፕቶፔን ያተኮሳት ሰሞን

ሰው ሲያተኩሰው ሐኪም ቤት ይወስዱታል፣ ጠበል ያስጠምቁታል፣ ሌላው ቢቀር «ተኛ» ይሉታል። ላፕቶፕ ሲያተኩሳት ግን የሚመከረው ባለቤቷ ነው። አገሩ ሁሉ የኮምፒውተር ሐኪም መሆኑን ያወቅሁት የእኔዋ ታማ በየሃያ ደቂቃው ድርግም ማለት የጀመረች ሰሞን ነው።

እኔ ኮተቤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ለምን ተመረጥክ ብትሉኝ፣ ኪቦርዱን ሳላይ በአሥር ጣቴ ስለምጽፍ ነው፤ ሌላ በጎ ምግባር አልተገኘብኝም። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተፈራ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር። ቃለ ጉባኤ ላይ ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል የሰው ነፍስ የጎደለ ያህል ይቆጣሉ። እንግዲህ እኒህ ሰው ታመው ሆስፒታል ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት ልጃቸው ሰናይት ዓይኗ አብጦ በሬን አንኳኳች። «ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡንም። ድንገት ከሆነ በለቅሶ መሃል የሚጽፍ አይገኝም፤ የሕይወት ታሪኩን ካሁኑ አዘጋጅልን። ለእማዬ ግን እንዳትነግር» አለችኝ። በሕይወት ላለ ሰው የቀብር ንባብ መጻፍ ደስ አይልም። ግን እንዲያ ሆና ለመጣች ልጅ እንቢ ይባላል?

አልጋዬ ላይ ጋቢዬን አጥፌ፣ ላፕቶፗን እላዩ ላይ አስቀምጬ ጀመርኩ። ትውልዳቸውን ጻፍኩ፤ ትምህርታቸውን ጻፍኩ። ትዳርና ሥራቸውን ለኋላ አቆይቼ «ባደረባቸው ሕመም ምክንያት» የሚለው ጋ ስደርስ ሆዷ እንደ ካውያ ጋለ፤ አንዴ አጓራችና ድርግም! አብርጄ ብከፍታት እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ድርግም። ባለቤቴ «ተው፤ እግዜር ያልፈረመበትን ሞት አንተ አትፈርም» አለችኝ። ጎረቤቴ ቫይረስ ነው አለ። አማቼ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ ክተታት አለ። ከተትኳት፤ እንደ ቢራ ጠርሙስ አልቧት ወጣች።

በመጨረሻ የራሴ ጥበብ መጣልኝ። ጠላቷ ሙቀት ከሆነ፣ እንጦጦን የመሰለ ብርድ እያለ ምን ያንከራትተኛል? አቅፌያት ወደ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁና ባሕር ዛፍ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እውነትም አልጋለችም። የእኔ ጥርስ እየተንገጫገጨ እሷ ጋሽ ተፈራን አጋብታ፣ ልጆቻቸውን አስወልዳ፣ ጡረታ አወጣችልኝ። ልጨርስ አንድ አንቀጽ ሲቀረኝ ባትሪዋ አለቀ። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሶኬት የለውም።

የቀረውን ቤቴ ገብቼ በየሃያ ደቂቃው እየተቆራረጥኩ ጨረስኩት። በማግስቱ መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ላፕቶፕ የምትጠግን ትዕግሥት የምትባል ወጣት ጋ ሄድኩ። ስለ ቫይረስ ምንም አላነሳችም። «ምን ላይ አስቀምጠው ነው የሚሠሩት?» አለችኝ። አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ አልኳት። ፈገግ አለች። ብሎኖቹን ፈትታ ክዳኑን ስታነሳ፣ ማራገቢያውን የደፈነ ግራጫ ነገር በወረንጦ ስባ አወጣች። ምንድነው ብላት «ጋቢዎ ነው» አለችኝ። ለካ ላፕቶፗ ስንት ዓመት ሙሉ ጋቢዬን በአፍንጫዋ እየሳበች ስትበላ ኖራለች! አቧራውን ነፋችላት፤ የደረቀውን ማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጋ አዲስ ቀባችላት። ከዚያ መዳኗን ለማየት ከፍታ አቆየቻት።

ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። ስክሪኑ ላይ የተከፈተው የጋሽ ተፈራ የሕይወት ታሪክ ነው። ልጅቷ አነበበችና «ውይ! ዘመድዎ ናቸው? ነፍስ ይማር» አለችኝ። አሁን ምን ይባላል? «አልሞቱም፤ እየጠበቅናቸው ነው» ይባላል? አፌ አሜን አለ። አንዲት ቃል ብቻ! ከኋላዬ ቻርጀር ልትገዛ የቆመች፣ የእድር ጸሐፊነቴን የምታውቅ ሴት ስክሪኑን አጮልቃ አየችና «የኮተቤው ጋሽ ተፈራ? አስተምረውኛል እኮ!» ብላ እንባዋን ዘረገፈችው። ዞሬ ላስረዳት ስል ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ደረጃውን እየወረደች ነው።

እኔ ታክሲ ለመያዝ ተሰለፍኩ። ወሬ ግን አይሰለፍም። ኮተቤ ስደርስ የእድሩ ድንኳን ጋሽ ተፈራ በር ላይ ተተክሏል፤ ወንበር ይወርዳል፤ ሴቶች ደረት ይመታሉ። እንዴት ለጸሐፊው ሳይደወልለት? ምን ብለው ይደውሉልኝ! የወሬው ምንጭ እኔው ነኛ! «ጸሐፊው ራሱ አሜን ብሏል» ተብሏል። ቤቱ ተቆልፎ ቤተሰቡ በሙሉ ሆስፒታል መሄዱ ደግሞ ማስረጃ ሆኗል። «ኧረ ሰዎች፣ አቁሙ!» ልል አፌን ስከፍት አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ሰናይት ወረደች። እናቷ ወይዘሮ ዘነቡ ወረዱ። በመጨረሻም ከዘራቸውን አስቀድመው ጋሽ ተፈራ ወረዱ። ያን ቀን ጠዋት ሐኪሞቹ «ተሽሎዎታል፣ ቤትዎ ይግቡ» ብለዋቸው ኖሯል። እግዜር ያውቃል፣ ከመፍራቴ በፊት ደስ አለኝ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ጋሽ ተፈራ ድንኳኑን አዩ፤ ሰዉን አዩ። «ማን ሞተ?» አሉ። «እኔ ሳልፈቅድ ድንኳን ያስወጣ ማነው?» ሲሉ ሕዝቡ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከአሜን በፊት ያለውንም፣ ከአሜን በኋላ ያለውንም ተናዘዝኩ። በከዘራ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስበው ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡ። «በል ክፈት። ላንብበው» አሉ።

በዕድሜዬ ላፕቶፕ እንዲጠፋብኝ የተሳልኩት ያን ቀን ነው። ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ አርባ አለፈ፤ እሷ እንደ እንጦጦ ምንጭ ቀዝቅዛ ቁጭ! ጋሽ ተፈራ መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሦስት የፊደል ግድፈት አሳረሙኝ። «ባደረባቸው ሕመም» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሰናይት ፊቷን አዞረች። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ። «ዘነቡ፣ ነይ እስቲ። ‹ትሑት፣ ታጋሽ፣ ቁጣ የማያውቁ ነበሩ› ይላል። እንዲህ ነኝ እንዴ?»

ወይዘሮ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እሱ ከሞትክ በኋላ የሚጀምር ነው» አሉ።