እምቢ ያለው የጋራዥ በር

[አዳማ፣ እሑድ ጠዋት። ጋሼ መሳይ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የሰፈሩ እድር ንብረት ያዥ ናቸው። መኪና የላቸውም፤ ጋራዥ ግን አላቸው። የእድሩ ድንኳንና አግዳሚ ወንበሮች የሚቀመጡት እዚያ ውስጥ ነው። ዛሬ ጎረቤታቸው አዴ ቡዜ ልጇን ጋዲሴን ትድራለች። ባጃጅ ነጂው ዱጋሳ ለሠርጉ ድንኳን ፍለጋ መጥቷል። ጋሼ መሳይ በተዘጋው የጋራዥ በር ፊት ሪሞት ይዘው ቆመዋል።]

ዱጋሳ፦ እና ተበላሽቷል ነው የሚሉኝ?

መሳይ፦ ተበላሽቷል የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። እምቢ አለ ነው ያልኩህ።

ዱጋሳ፦ ሁለቱ አንድ አይደሉም?

መሳይ፦ በጭራሽ። የተበላሸ ነገር መሥራት አይችልም። እምቢ ያለ ነገር ግን መሥራት እየቻለ ነው የማይሠራው።

ዱጋሳ፦ [አሰብ አድርጎ] እንደ ወንድሜ ማለት ነው።

መሳይ፦ ወንድምህን ተወውና በሩን እይ። ይኸው ተጫንኩት። [ሪሞቱን ይጫናሉ። ምንም የለም።] አየህ?

ዱጋሳ፦ ምኑን?

መሳይ፦ እምቢታውን።

ዱጋሳ፦ ጋሼ፣ መብራት እኮ ከጠዋት ጀምሮ የለም።

መሳይ፦ መብራት አለመኖሩን አንተ አትነግረኝም።

ዱጋሳ፦ በሩ በመብራት አይደለም እንዴ የሚሠራው?

መሳይ፦ በሪሞት ነው።

ዱጋሳ፦ ሪሞቱስ?

መሳይ፦ በባትሪ።

ዱጋሳ፦ ታዲያ ባትሪ ካለ መብራት ምን ያደርጋል?

መሳይ፦ ለሞተሩ ነዋ! ሪሞቱ ያዛል፣ ሞተሩ ይስባል። ሞተሩ መብራት ይፈልጋል።

ዱጋሳ፦ ገባኝ። ባትሪውን ከሪሞቱ አውጥተን ሞተሩ ላይ ብናደርገውስ?

መሳይ፦ [ሰማይ ሰማይ እያዩ] ለአንተ የባጃጅ መንጃ ፈቃድ የሰጠህ ማን ነው?

ዱጋሳ፦ ፈተናው ላይ ስለ ጋራዥ በር አልጠየቁኝም።

መሳይ፦ ስማኝ። ይህን በር የሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። መብራት እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ስለዚህ ቀይ ገመድ አንጠልጥለውለታል። ገመዱን ሳብ ስታደርገው በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል፤ ከዚያ በእጅህ ወደ ላይ ገፋ ማድረግ ነው። አቅመ ደካማ እንኳ ይከፍተዋል።

ዱጋሳ፦ ጎበዞች ናቸው። ገመዱ የት ነው?

መሳይ፦ ውስጥ።

ዱጋሳ፦ ውስጥ የት?

መሳይ፦ ውስጥ ነዋ፣ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥሎ።

ዱጋሳ፦ እኛ ደግሞ ውጭ ነን።

መሳይ፦ ይህን ለማወቅ ይህን ያህል ማሰብ አያስፈልግም ነበር።

ዱጋሳ፦ አይ፣ እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነው።

መሳይ፦ ከውጭ የሚከፍት ቁልፍም አለው። እሱንም እንዳይጠፋ ብዬ…

ዱጋሳ፦ ውስጥ አስቀመጡት።

መሳይ፦ በጥንቃቄ አስቀመጥኩት።

ዱጋሳ፦ ኤዬ። ጥንቃቄዎንማ ሰፈር ያውቀዋል። የገጠመልዎት ሰውዬ ጋ አይደወልም?

መሳይ፦ ዱከም ነው ያለው። እሑድ ስልኩን አይከፍትም።

[ከጓሮ በኩል የብረት ኳኳታ ይሰማል።]

መሳይ፦ ምንድን ነው እሱ?

ዱጋሳ፦ [ፈጠን ብሎ] የሠርግ ቤቱ ድስት ይሆናላ። ጋሼ፣ እኔ ያልገባኝ… የድሮውን የላሜራ በር ለምን ቀየሩት? መጠገን አይቻልም ነበር?

መሳይ፦ [ፊታቸው ይፈካል] አሁን የሰው ጥያቄ ጠየቅህ። ና ወደዚህ። በር መቼ ይጠገናል፣ መቼ ይቀየራል? አንድ ቦታ ጎበጥ ካለ ይቀጠቀጣል። ማጠፊያው ከዛገ ማጠፊያው ብቻ ይለወጣል፤ ለማጠፊያ ብሎ ሙሉ በር የሚቀይር ሰው ገንዘቡን የጠላ ነው። ግን ዛሬ ማጠፊያ፣ ነገ መቀርቀሪያ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ በሩ ራሱ ሲያዘነብል፣ በያጁም ከመመላለሱ ብዛት ቤተኛ ሆኖ ምሳ ሰዓት ላይ መምጣት ሲጀምር፣ ያኔ ይቀየራል።

ዱጋሳ፦ የእርስዎ በያጅ አብዱልጀባር አልነበረም?

መሳይ፦ ነበር። በመጨረሻ ምሳ ሲዘገይ ባለቤቴን እንቁን ይቆጣት ጀመረ።

ዱጋሳ፦ እና ያን ጊዜ ቀየሩት።

መሳይ፦ ያን ጊዜ ቀየርኩት።

[ከጓሮ እንደገና ኳኳታ፤ ከባድ ነገር መሬት ለመሬት ሲጎተት።]

መሳይ፦ ይኼ እንኳ ከእኛው ጓሮ ነው። [አንድ እርምጃ ይሄዱና ይቆማሉ።] ተወው፣ ማድቤት ነው። እንቁ አንዱን ነገር እየጎተተች ይሆናል። እኔ እዚያ አልገባም፤ ወንድ ልጅ ማድቤት ምን ይሠራል?

ዱጋሳ፦ [ድምፁን ከፍ አድርጎ] ልክ ነዎት! ምን ይሠራል! ጋሼ፣ በሩ ሲከፈት ግን ለምንድን ነው እንደዚያ የሚጮኸው?

መሳይ፦ ምን ያስጮህሃል አንተስ? አጠገብህ ነኝ። የሚጮኸው በአቧራ ነው። የአዳማን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ አቧራውን ሃዲዱ ውስጥ ይጠቀጥቀዋል። ሰዎች ይህን አያውቁም፤ ሲጮህባቸው ግራሶ ይለቀልቁታል። ግራሶው ደግሞ የባሰ አቧራ ይሰበስባል። መጀመሪያ መጥረግ ነው። ከዚያ ቀጠን ያለ ዘይት ጠብ ጠብ።

ዱጋሳ፦ የምግብ ዘይት ይሆናል?

መሳይ፦ አይሆንም።

ዱጋሳ፦ እንዴት አወቁ?

መሳይ፦ [ወደ በሩ ዞረው] ጉንዳን ይመጣል።

ዱጋሳ፦ መጣ?

መሳይ፦ ብዙ መጣ። ወደ ሌላ ጥያቄ እለፍ።

ዱጋሳ፦ እሺ፣ ወርዶ ወርዶ ሊዘጋ ሲል ተመልሶ ወደ ላይ የሚሄደውስ? ባለፈው አይቼ ደንግጫለሁ። ጂኒ ያለበት ነው የመሰለኝ።

መሳይ፦ ጂኒ አይደለም፣ ዓይን ነው። ታች ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሉት። በመሃላቸው ሰውም ሆነ እንስሳ ካለ፣ እንዳይጫነው ብሎ ይመለሳል። አሁን የእንቁ ዶሮዎች አሉ አይደል? አንዷ ቀይ ዶሮ ነቅታበታለች። ልዘጋ ስል መጥታ መሃል ትቆማለች። ስትሄድ እጫናለሁ፤ ትመለሳለች። እሷ እንቅልፏ እስኪመጣ ድረስ እኔ አልተኛም።

ዱጋሳ፦ ዶሮዋን አይቀይሯትም?

መሳይ፦ እንቁ እኔን ትቀይራለች እንጂ ዶሮዋን አትቀይርም።

ዱጋሳ፦ ጋሼ፣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በሩን በገመድ ከባጃጄ ጋር ላስረውና ልጎትተው?

መሳይ፦ ተው! ተው ብያለሁ! ይህ በር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ባጃጅህ ወደ ላይ ይሄዳል?

ዱጋሳ፦ አይሄድም።

መሳይ፦ ደግሞ ሞላ አለው። በሩን የሚያነሣው ሞላው ነው፤ ተወጥሮ፣ ቂም ይዞ የተቀመጠ ብረት ነው። ሞላውን የነካ ሰው ከነጥርሱ አይመለስም። ሞላ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እኔ እንኳ፣ እኔ መሳይ፣ አልነካውም።

ዱጋሳ፦ እርስዎ ካልነኩት እኔማ ስሙንም አልጠራ።

[ጋሼ መሳይ ሰዓታቸውን ያያሉ። ትከሻቸው ይወርዳል። ደፉ ላይ ይቀመጣሉ።]

መሳይ፦ ዱጋሳ፣ ሰዓቱ ሄደ።

ዱጋሳ፦ ገና ነው፣ ጋሼ።

መሳይ፦ ሄደ እንጂ። ሙሽራው ከዓለም ጤና ተነሥቷል ተብሏል። አዴ ቡዜ ያንን ሁሉ እንግዳ በዚህ ፀሐይ ሜዳ ላይ ልታስቀምጥ ነው። በእኔ ምክንያት። ከዚያ እድሩ ይሰበሰባል፤ ዳኛው ጫምሳ ጉሮሮውን ይጠራርግና «ንብረቱ ወደ እድርተኛው ገርባ ቤት ይዛወር» ይላል።

ዱጋሳ፦ እንደዚያ አይሉም።

መሳይ፦ ይላሉ። እኔም ብሆን እል ነበር። [ቀስ ብለው] እውነቱን ልንገርህ? ሥራ ላይ እያለሁ ሾፌሩ፣ የጉምሩክ አስተላላፊው፣ ሁሉ በእኔ በኩል ነበር የሚያልፈው። ስልኬ አያርፍም ነበር። ጡረታ ስወጣ ስልኩም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። አሁን ሰው ይህን ግቢ የሚያንኳኳው ድንኳን ሲፈልግ ነው። ደህና በር ላድርግለት ያልኩትም ለዚያ ነው፤ የእድሩ ዕቃ ክብር ያለው ቦታ ተቀምጧል እንዲባል። ድንኳኑ ከሄደ ማን ይመጣል? ቀይዋ ዶሮ?

ዱጋሳ፦ [ጭንቅላቱን እያከከ] ጋሼ፣ እኔ እንኳ… እ… [ስልኩ ይጮኻል። አንሥቶ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ ያዳምጣል።] አካም? … ኤዬ። … አለቀ? … አግዳሚውም? … ገለቶማ። [አመስግኖ ስልኩን ኪሱ ይከታል።] ጋሼ፣ ይነሡ፣ እንሂድ።

መሳይ፦ ወዴት?

ዱጋሳ፦ ወደ ሠርጉ ነዋ። ባጃጅ ላይ ይውጡ።

መሳይ፦ ድንኳን ሳልይዝ በየት ዓይኔ ነው አዴ ቡዜን የማያት?

ዱጋሳ፦ ድንኳኑ ተተክሏል።

መሳይ፦ ከሌላ እድር ተዋሳችሁ?

ዱጋሳ፦ የራሳችን ነው። ሰማያዊው።

መሳይ፦ ሰማያዊው እዚህ ውስጥ ነው።

ዱጋሳ፦ ነበረ።

መሳይ፦ [ብድግ ይላሉ] በሩ ሳይከፈት በየት ወጣ?

ዱጋሳ፦ በጓሮ በር።

መሳይ፦ የእኔ ጋራዥ የጓሮ በር የለውም።

ዱጋሳ፦ ይህኛው ሲገጠም እርስዎ እዚህ ከገጣሚው ጋር ሲከራከሩ ዋሉ አይደል? እትዬ እንቁ ደግሞ በማድቤቱ በኩል ግድግዳውን አስፈርሰው የድሮውን ላሜራ አስገጠሙት። አብዱልጀባር ነው የበየደው። ከውስጥ ሸራ ተጋርዶበታል፣ ከውጭ ደግሞ ማድቤት አልዞርም ስላሉ ነው ያላዩት።

መሳይ፦ እና ዛሬ በዚያ አወጣችሁት።

ዱጋሳ፦ ዛሬ ብቻ አይደለም። ይህ በር ከተገጠመ ወዲህ ሁልጊዜ በዚያ ነው።

መሳይ፦ የአያ ኢተፋ ለቅሶ ጊዜ እኮ መብራት ነበር። በሩ በደንብ ተከፍቷል። ስከፍተው ድንኳኑ አልነበረም፤ እንቁ «ቀደም ብለው ወስደውታል» አለችኝ።

ዱጋሳ፦ እውነታቸውን ነው። ቀደም ብለን ነበር የወሰድነው።

መሳይ፦ መብራት እያለ ምን አስቸኮላችሁ?

ዱጋሳ፦ መብራት ሲኖርም አከፋፈቱን መጀመሪያ ያስረዱናል። ሬሳ ደግሞ አይቆይም፣ ጋሼ።

መሳይ፦ [እያሰቡ] ያን ቀን አብዱልጀባር አጠገቤ ቆሞ ስለ ሞላው ሲጠይቀኝ ነበር። ከልቡ ነበር የሚጠይቀኝ።

ዱጋሳ፦ ተረኛ ነበራ።

መሳይ፦ የምን ተረኛ?

ዱጋሳ፦ የማዳመጥ ተራ። እድሩ ተሰብስቦ የወሰነው ነው። ዕቃ በተፈለገ ቁጥር አንድ ሰው ከፊት ቆሞ እርስዎን ይጠይቃል፤ ሌሎቹ ከኋላ ያወጣሉ። ዛሬ እኔ ደረሰኝ።

መሳይ፦ ባትሪውን ከሪሞቱ አውጥተን ያልከውስ?

ዱጋሳ፦ እሱን አዴ ቡዜ ናት ያስጠናችኝ። «ይህን ጠይቀው፣ ይናደዳል፤ ከተናደደ ድንኳኑ ተተክሎ እስኪያልቅ ያስረዳሃል» ብላ። የምግብ ዘይቱ ግን የራሴ ነው።

[ጋሼ መሳይ ሪሞታቸውን ያገላብጣሉ። ቅር ብሏቸዋል።]

መሳይ፦ ይህን ሁሉ ከምትለፉ ንብረቱን ለገርባ ብትሰጡት አይቀልም ነበር?

ዱጋሳ፦ ገርባ ጋ ማን ይሄዳል? ዕቃውን በመስኮት ወርውሮልህ መስኮቱን ይዘጋብሃል። እርስዎ ጋ ሰው መምጣት ይወዳል፣ ጋሼ። የሚከብደው መሄዱ ነው። ተራውን ሲያጸድቁ አንድም ሰው «ይነጠቁ» አላለም። የተቃወሙት እትዬ እንቁ ብቻ ናቸው።

መሳይ፦ [ልባቸው ትንሽ ሞቅ ብሎ] ምን ብላ? ለእኔ አዝና?

ዱጋሳ፦ «እኔ በየቀኑ ተረኛ ነኝ፤ ለእኔም ተለዋጭ ሰው ይመደብልኝ» ብለው።

[መብራት ይመጣል። ጋሼ መሳይ ሳያስቡት ሪሞቱን ይጫናሉ። በሩ እየጮኸ ይነሣል። ጋራዡ ባዶ ነው፤ ከወዲያ ግድግዳ ላይ የላሜራ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጋሼ መሳይ ገብተው በሩን ይመረምሩታል።]

መሳይ፦ ማጠፊያውን ገልብጦ ነው የበየደው! ዱጋሳ፣ ና እይ። ማጠፊያ ሲገለበጥ ምን ይሆናል መሰለህ? ክብደቱ በሙሉ…

ዱጋሳ፦ [ባጃጁን እያስነሣ] ጋሼ፣ የእኔ ተራ አልቋል። ይውጡና እንሂድ፤ ሠርጉ ላይ ከጎንዎ የሚቀመጠው ተረኛ ጫላ ነው።