የመምህር ቀለመወርቅ ባሕር

አንድ ከተማ ሲቆረቆር ከሁሉ አስቀድሞ ሁሉን ዐዋቂ ጎረቤት ይሰጠዋል፤ መንገድና መብራት የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ከመጡ። ለንፋስ መውጫ የደረሷት ክቡር መምህር ቀለመወርቅ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ ወጡ እንጂ ማስተማሩን አልተዉትም። ባጃጅ ከተበላሸ ለሾፌሩ ስለ ሞተሩ ያስረዳሉ። ሥጋ ቤት ከገቡ የቢላዋ አያያዝ ያርማሉ። ቀብር ላይ ሳይቀር «ጥልቀቱ በመርህ ደረጃ አንሷል» ብለው ቆፋሪዎቹን መልሰው ጉድጓድ አስወርደዋቸዋል።

የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ልደት የቅርብ ጎረቤታቸው ናት። ዘንድሮ የዘይት ቀለም ሥዕል ለመማር ተነሣች። አስተማሪዋ ስልኳ ነው፤ አስመስላ የምትሥለው ደግሞ ከአሮጌ ካላንደር የተቀደደ የወደብ ሥዕል፣ ሦስት መርከቦች ከነጭጋጋቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደምና ሰገራ ስትመረምር ለምትውል ሰው፣ ያቺ ሸራ የራሷ የምትለው ብቸኛ ነገር ሆነች።

ሸራውን በረንዳ ላይ ባቆመች በማግስቱ መምህር ወንበር ይዘው መጡ።

«በመርህ ደረጃ፣ ጭነት የያዘ መርከብ ውኃው ውስጥ ጠለቅ ይላል። ያንች ሦስቱም እንደ ቁም ሣጥን ተገትረዋል።»

«ገና ነው መምህር።»

«ባንዲራው ወደ ምሥራቅ፣ ጭሱ ወደ ምዕራብ! ንፋስ መውጫ እንኳ ባንድ ጊዜ ሁለት ነፋስ የለም።»

ይህስ ይቻል ነበር። አንድ ቀን ግን ቀለሙን የምታቀጥንበት የተልባ ዘይት አለቀባት። መምህር «ዘይት ዘይት ነው» ብለው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ጽዮን ጓዳ የምግብ ዘይት በብርጭቆ አመጡላት። አመነቻቸውና ሰማዩን በሙሉ በዚያ ቀባችው። ሁለት ሳምንት ሞላው፤ ሰማዩ አልደረቀም። የመንገዱ አቧራና የሰፈሩ ዝንብ ተለጠፈበት።

መምህር ቀረብ ብለው አዩትና «በመርህ ደረጃ የአየሩ እርጥበት…» ብለው ሲጀምሩ ልደት ብሩሿን አስቀመጠች።

«ለመሆኑ እርስዎ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ መምህር። ወንበራቸውን አንሥተው ሄዱ።

ልደት ሰማዩን በቢላ ፍቃ፣ ቀለም በሚያስለቅቀው በአኳራጅ ጠርጋ በተልባ ዘይት እንደገና ሠራችው። ዐሥር ቀን ማንም ሳያርማት ሰነበተች። ሰማዩ አማረ። መርከቦቹን ባየች ቁጥር ግን ቁም ሣጥን እንጂ መርከብ አይታያትም። ሰውየው ልክ ነበሩ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። በዐሥራ አንደኛው ቀን በራቸውን አንኳኳች።

የከፈቱላት ወይዘሮ ጽዮን ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ብለሽው ነው ልጄ? ሰሞኑን ሬዲዮውን እንኳ አያርምም» አሏት።

መምህር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ስለ መርከቦቹ ልጠይቅዎ ነበር» አለች።

«ነግሬሻለሁ፣ ባሕር አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ሁለታችንም ካላየነው ተማክረን ብንሠራው ይሻላል።»

መምህር እጃቸውን ተመለከቱ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ወደብ በጠመኔ ስሥል፣ አንድ ተማሪ እንኳ አይተውት ያውቃሉ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ያችን ጥያቄ ስፈራት ኖርሁ።»

«አጠፋሁ መምህር» አለች ልደት።

ተነሡ። መምህር በረንዳዋ ላይ ሳፋ ውኃ አስሞልተው ባዶ ጣሳ አንሳፈፉበት፤ ከዚያ ጠጠር በጠጠር እየጨመሩ ጣሳው ቀስ በቀስ ሲሰምጥ አሳዩዋት። ልደት እያየች ሣለች። አንዱን መርከብ ሙሉ፣ አንዱን ገሚስ፣ አንዱን ባዶ አደረገችው። ውኃው መርከቦቹን ተሸከመ።

ሥዕሉ ደርቆ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። መምህር ፊቱ ቆመው ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጭነቱ፣ ስለ ጭሱ አንድም ሳያስቀሩ አስረዱ። እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ቀስ ብለው ለመሄድ ተነሡ። ልደት ቀድማ በሩ ላይ ቆመች።

«መምህር፣ መልህቁን እኮ አልነገሯቸውም» አለች።

እንግዶቹ ተመልሰው ተቀመጡ።