የፍሪሲዮን ጩኸትና ሽምግልናችን

በሽታውን ትቶ ጩኸቱን የሚያክም ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ክልላችን አዲስ በተቋቋመ ሰሞን የቢሮ ባልደረባዬ ደግፌ ያገለገለች መኪና ገዛ። የፍሪሲዮኗ ኩሽኔታ ያፏጫል፤ ፔዳሉን በእግሩ ጫን ሲያደርገው ግን ዝም ይላል።

«አየህ? ተሻላት!» ይለኛል።

አንድ እሁድ ለታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ ሆነን ሚስት ልንለምንለት ከአሶሳ ወደ ባምባሲ ወጣን። ደግፌ መንገዱን ሁሉ ፔዳሉን ጫን እንዳደረገ ነዳ። እኔማ መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ፤ እንደርስ ይሆን? ከተማው ጥግ ስንደርስ ኩሽኔታው ተሰባበረና ማርሽ አልገባ አለ። በነጭ ጋቢያችን መኪና እየገፋን፣ አቧራ ለብሰን ከልጅቱ አባት ደጅ ደረስን። ኦቦ ገመቹ የድሮ ሾፌር ናቸው።

«ኩሽኔታው ሲጮህ አልሰማችሁም?» አሉ፣ የሆነውን ስንነግራቸው።

«ሰምቼ ነበር ጋሼ፤ ስረግጠው ዝም ይላል» አለ ደግፌ በኩራት።

ኦቦ ገመቹ ልጃቸው ወዳለችበት ጓዳ ዞር ብለው አዩ። «እናንተ ቤት ሚስትም ስትጮህ እንዲሁ ነው?»



ደግነቱ አልከለከሉንም። «ኩሽኔታውን ቀይራችሁ ተመለሱ» ብለው ሸኙን። ሰኞ ጠዋት ጋራዡ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ የተገኘው ሙሽራው፣ የደግፌ ወንድም ነበር።