ጥፍር የሚይዘው ጭረት

የመኪና ጭረት ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥፍር የሚይዘውና ጥፍር የማይይዘው። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። እኔ እንኳን ስለ መኪና ላወራ፣ አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ» ለማለት አፍሬ ስንት ጊዜ ፌርማታዬን ያለፍኩ ልጅ ነኝ። ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም ጌታሁን ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ታሳልፋላችሁ። ካልያዘው ቀላል ነው፤ በለስላሳ ጨርቅና በፖሊሽ ታሽቶ ይጠፋል። ከያዘው ግን ከቀለሙ ሥር ገብቷል ማለት ነው፤ እሱን አትነካኩት፣ አብራችሁት ኑሩ ይላል።

ባሕር ማዶ በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ አሽዶድ ውስጥ፣ ያልተጫረ መኪና ካያችሁ ባለቤቱ ትናንት የገዛው ነው። ነፋሱ አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ መንገዱን ስቶ ይመጣል፣ የሰፈራችን የሮቫ ዛይን ልጆች በብስክሌት እየከነፉ ይመጣሉ። ሰው ሁሉ ለምዶታል። አባቴ ብቻ አልለመደውም።

አባቴ ወደቡ ላይ ዕቃ የሚያወርድ ሰው ነው። ሰማያዊዋን መኪና ሲገዛት ሌላ ሰው ነድቶ ጠግቧት ነበር፤ እሱ ግን የገዛት ለአንድ ቀን ነው። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እታገኝ ጎንደር ላይ የመምጫ ፈቃድ ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። የምትመጣ ቀን በአውቶቡስ አትሄድም፤ በወንድሟ መኪና፣ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ነው አሽዶድ የምትገባው። ስለዚህ አዲስ ጭረት ባየ ቁጥር «እታገኝ ይህን ልታይ ነው?» ይላል፣ ራሱ የጫረው ይመስል እያፈረ።

«እሷ የምትመጣው አንተን ልታይ ነው ወይስ በር ልትፈትሽ?» ትለዋለች እናቴ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ስልኩን ያነሳችው እናቴ ናት። «እሺ… እሺ» ብቻ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ የቧንቧውን ውሃ ለቀቀችው። የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ስገባ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አገኘኋት።

«እታገኝ አርፋለች» አለችኝ። «አባትሽ እንዳይሰማ።»

መቼም ታውቁታላችሁ፣ እኛ ዘንድ መርዶ ባፍ እንደ መጣ የሚናገሩት ነገር አይደለም። ቅዳሜ ሰንበታችን ያልፋል፤ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ ሰውየው እህል ቀምሶ፣ ቤቱ ተቀምጦ፣ ዘመድ ከቦት ሳለ መርዶውን ይረዳል። መንገድ ላይ ከሰማ ዕድሜ ልክ የማይረሳ ወቀሳ ነው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያሉት በየከተማው ስለሆነ ቀጠሮው ለእሑድ ረፋድ ሆነ። ችግሩ፣ አባቴ እሑድ የማታ ተረኛ ነው። ጠዋት ነጻ ከሆነ ሹቅ፣ ገበያው ወርዶ፣ ሐበሻ የተባለን ሁሉ በየተራ ሰላም ሳይል አይመለስም። ከነዚያ መካከል አንዱ «እግዜር ያጥናህ» ቢለውስ?

ዘዴውን ያመጣው አጎቴ ነው። እሑድ በማለዳ ፖሊሽ፣ ጨርቅና አንድ የጥርስ ሳሙና ይዞ ከች አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ያቺን መኪና ሙሽራ እናደርጋታለን!»

«በጥርስ ሳሙና? ጥርስ አላት እንዴ?»

«ለቀላሉ ጭረት መድኃኒቱ እሱ ነው።»

«አምና የወሰድክብኝን መፍቻ ሳትመልስ ዛሬ ለመኪናዬ አዘንክላት!» አለ አባቴ። ግን ደስ ብሎታል።

አጠብናት፣ አደረቅናት፣ ጥላ ሥር አስገብተን በትንሽ በትንሹ እያዞርን ማሸት ጀመርን። የእኔ ሥራ ጭረት መፈለግ ነበር። እናቴ «ሥራው እንዳያልቅ» ብላኛለች። ስለዚህ እኔ፣ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ የምደነግጠው፣ የዚያን ቀን ለፈለፍኩ። «አባ፣ እዚህም አለ! አባ፣ ይኸው ሌላ!»

«ዛሬስ ምላስሽ ተፈታ፣ የኔ ልጅ» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ አንጀቴን በላው።

የሰሙት ጎረቤቶችም አንድ በአንድ ወረዱ። አንዱ አሮጌ ካናቴራ፣ አንዱ የሕፃን ፎጣ ይዞ፣ ሁሉም ያሻል። አባቴ በመካከላቸው ቆሞ ግራና ቀኝ አየና «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!» አለ።

ማንም ቀና አላለም። ማንም አልሳቀም። ተረት ሲጠራ ሌላ ተረት የሚመዘው አጎቴ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ያሻል። ያኔ ይመስለኛል ለአባቴ የገባው። እሑድ የሥራ ቀን በሆነበት በዚህ አገር ይህን ያህል ሰው በጠዋት ሥራውን ትቶ ለጭረት አይወርድም።

ነጭ ሚኒባስ ገብቶ ቆመ። መጀመሪያ የወረዱት ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። አባቴ ዞሮ አላየም። ከዕቃ ሳጥኑ ብርጭቆ ወረቀት አወጣና በፊተኛው በር ላይ ያለውን፣ ጥፍር የሚይዘውን፣ «አትንኩት» የተባለውን ጭረት ይፈገፍገው ጀመር።

«ጋሼ፣ እሱ አይሆንም፤ ቀለሙን ትጨርሰዋለህ» አለ አጎቴ።

አባቴ ይፈገፍጋል። ቄሱ ቀስ ብለው መጥተው ከጎኑ ቆሙ።

«ደህና አደሩ ቄስ» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል። «ይቺን ብቻ ልጨርስ።»

«ጨርስ፣ ልጄ።»

ሁላችንም ጨርቃችንን እንደያዝን ቆመን ጠበቅነው። ሰማያዊው ሄደ፤ ከሥሩ ያለው ነጩ ቀለም ሄደ፤ ብረቱ ብቅ አለ። ጭረቱ የለም። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «እታገኝ ናት?» አለ።

«ቤት እንግባ» አሉ ቄሱ።

እጁን ታጥቦ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልቅሶ አልጽፍም፤ ስጽፈው ያንሳል።

መኪናዋ ከዚያ ቀን የበለጠ አምራ አታውቅም። ያቺን ብረት ግን አባቴ ቀለም አላስቀባትም። የባሕሩ ጨው እንዳያዝጋት በየዓርቡ ዘይት ይቀባታል። ያየ ሁሉ «ለምን አታሠራትም?» ይለዋል፤ እሱም «እሺ» ይላል።

በኋላ የእታገኝ ልጅ ፈቃድ አግኝታ መጣች፤ እኩያዬ ናት። ከአውሮፕላን ማረፊያው ይዘናት ስንወጣ አባቴ የፊተኛውን በር ሊከፍትላት ሄደና ቆም አለ።

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አላት። «ይቺን አልቻልኳትም።»

ልጅቷ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ለጨዋነት ያህል ጎንበስ ብላ አየቻትና ጥፍሯን አግድም አሳለፈችባት።

አልያዘም። በአጎቴ ሕግ ከሄድን እንግዲህ ቀላል ጭረት ነው።